ዳንቴል የለበሰው ማሽን

እጁ የተመሰገነ አንድ ሰው ነበረ።

ተቀመጪ ትርሲት፣ ፊትሽን አታዙሪብኝ። ጠዋት በልጁ እናት ፊት እንደ ተቆጣሁሽ አውቃለሁ፤ ለእሱ ኋላ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። «ሲስተር አስካለ፣ የልጁ ደም ሥር ተጋድሞ እየታየ፣ በአንድ መርፌ አግኝቼው፣ አልትራሳውንዱን ለምን አላወጣሽም ብለው የሚጮሁብኝ በእጄ ስለማያምኑ ነው ወይ?» አልሽኝ። መጠየቅሽ ደግ ነው። ነገር ግን በአንድ ቃል ብመልስልሽ ነገ ትረሺዋለሽ፤ ስለዚህ ጆሮሽን ስጪኝና የዚያን ሰው ነገር ልንገርሽ።

ነርስ ነው። በአንዲት መለስተኛ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ፣ የሕፃናት ክፍል ነርስ። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ፣ ሳቁ ከወዲያኛው ክፍል የሚሰማ። እናቶቹ ዶክተር ይሉታል፤ «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» ቢላቸውም የሚሰማው የለም። አይ እጅ! የሁለት ቀን አራስ ያመጡለታል፤ ክንዷ የእኔን አውራ ጣት አታክልም። እጇን በሁለት መዳፉ መሀል አድርጎ ያሞቃታል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በሌባ ጣቱ ደም ሥሯን ዳበስ ዳበስ ያደርግና «አለሁ አለችኝ» ይላል። መርፌው ሲገባ ደሙ ብቅ ይላል፤ አለቀ። ሕፃኗ ለቅሶዋን ሳትጨርስ ፕላስተሩ ተለጥፏል።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በዪልኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሰው ወዲያው ጥፋተኛ ይፈልጋልና። ምሳ እየበላ ይጠሩታል፤ ጉርሻውን እያላመጠ ይመጣል። ከማዋለጃ ይጠሩታል፣ ከድንገተኛ ይጠሩታል፣ እሑድ ከቤቱ ይጠሩታል። አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረም። እናቶች «እጅዎን ቁርጥማት አይንካው» ብለው ሲመርቁት «አሜን፣ ይህን ለሚስቴም ንገሩልኝ» ይላቸዋል።

እሱ በመኖሩ ግን ሌሎቹ ሰነፉ። በዚያ ክፍል አንድ ልማድ ነበረ። ሁለቴ ሞክሮ ያልቀናው ሰው መርፌውን ያስቀምጥና «ይጠራ» ይላል። ማን ይጠራ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቆይቶ ቆይቶ ሁለቴ መሞከሩም ቀረ፤ ልጁ ከሳ ያለ እንደሆነ ገና በሩ ላይ ሲያዩት «ይጠራ» ነው። እሱም ሲጠሩት ደስ ይለዋል። ማን ደስ የማይለው አለ? አንቺንስ ደስ አላለሽም ጠዋት?

ታዲያ አንድ ቀን ለዚያ ሆስፒታል አልትራሳውንድ ተሰጠ። እርጉዞች የሚታዩበትን ትልቁን አይደለም፤ ትንሹን፣ የልጅ ደም ሥር የሚያሳየውን። የሚያሠለጥን ሰው አብሮ መጣ፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ሁለት ቀን አስተማረ። ጄል እየቀባ የአንዱን ክንድ ለሌላው ያሳያል። «ጥቁር ክቡን አያችሁት? ተጫኑት። የሚተኛው ደም መልሱ ነው፤ መርፌያችሁ የሚገባው እዚያ ነው። ስትጫኑት እምቢ ብሎ የሚዘልለው ደም ቅዳው ነው፤ እሱን እንዳትነኩት» ይላል። ደጋግሞ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። «እባካችሁ በቀላሉ ልጅ ላይ በየቀኑ ተለማመዱበት። እጅ ቶሎ ይማራል፤ ዓይን ነው የሚዘገየው» አላቸው።

ያ እጁ የተመሰገነ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ወጣ። በሁለተኛው ቀን በሩን ተደግፎ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። አሠልጣኙ «እርስዎም ይሞክሩት» ቢለው እሱ አፉን ሳይከፍት ሌሎቹ «ኧረ ለእሱ አያስፈልገውም!» ብለው ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ፎቶ ተነሡ፣ ተጨባበጡ፣ ሰውየው ሄደ።

መቼም እኛ አዲስ ዕቃ እንዴት እንደምናከብር ታውቂያለሽ። የሶፋው ላስቲክ አይገፈፍም። ጥሩው ብርጭቆ ቡፌ ውስጥ ተደርድሮ እንግዳ ይጠብቃል፤ የቤቱ ልጅ በጣሳ ይጠጣል። ማሽኑንም እንደዚያው አደረጉት። «እዚህ ቢቀመጥ አቧራ ይበላዋል፣ ልጆች ይጎትቱታል» ተባለና ወደ ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባ። አንዲት ነርስ ደግሞ ነበረች፣ እጇ ሥራ የማይፈታ፣ ምሳ ሰዓት ኪሮሿን ይዛ ጥግ የምትቀመጥ። ነጭ ዳንቴል በልኩ ሠራችለት። ዙሪያውን ዘርፍ አወጣችለት፤ ገላ ላይ ለሚያርፈው እጀታ፣ ለፕሮቡ እንኳ፣ ለብቻው ትንሽ ከረጢት ሠራች። ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ሲያለብሱት ቢሮው ሙሽራ የገባበት መሰለ፤ ሰው ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» አላት። አናቱ ላይ የላስቲክ አበባ ተቀመጠ። ከላይ እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ይነሣል፣ እንግዳው ያያል፣ ዳንቴሉ ይመለሳል። «ለከባድ ቀን ይቆየን» ይሉ ነበር። ክፋት አስበው አይደለም፤ መንከባከባቸው ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት አዲስ ሐኪም እጇ እስኪለምድ ብላ ለአንድ ድቡልቡል ሕፃን ማሽኑን ላምጣ አለች። «ለዚህ? ለዚህ ለሚታየው?» አሏት። እሷ ዳንቴሉን ገልጣ ሳትጨርስ ያ ሰው መርፌውን አስገብቶ ፕላስተር እየለጠፈ ነበር። ተጨበጨበለት። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ዳንቴሉን መለሰችው፤ ሁለተኛም አልጠየቀች። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ገባች። በምሳሌ ስም አይጠራም፤ እኔ ግን የዚህችን ሕፃን ስም አልዘልም። እናኑ ትባላለች። ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ሳትደርስ የተወለደች፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ ተኝታ የወጣች ልጅ ናት፤ እጇም እግሯም በድሮ መርፌ የደነደነ። አራት ቀን ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ሰንብቷል። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ስታለቅስ እንባ የላትም። ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርገሽ ብትለቂው እንደ ቆነጠጥሽው ይቀራል።

እናትየው በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘች። ያንን ሰው ስታየው ፊቷ በራ። «እፎይ! እሱ አለ! እሱ ካለ ምን እሆናለሁ» አለች። ባለፈውም ያዳናት እሱ ነበርና። ልጇን አስረከበችውና ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን አላላች። ለአራት ቀን ያልተቀመጠች ሴት ዕረፍት አገኘች።

እሱም እንደ ልማዱ ትንሿን እጅ በመዳፉ መሀል ያዘ። ክንዷን በጓንት አሠረ። ዓይኑን ጨፈነ። ዳበሰ። «አለሁ» የሚል አልነበረም። ቀኟን ሞከረ፣ ግራዋን ሞከረ፣ እግሯን፣ ከዚያ ጭንቅላቷን። መርፌው ይገባል፣ ደም አይመጣም። አንዴ ብቅ ብሎ ነበር፤ ውሃውን ሲሰጧት ቦታው አበጠ። በአፍንጫዋ ቱቦ ከትተው ጠብ ጠብ ቢያደርጉላት መልሳ ታወጣዋለች። አሁን «በአጥንቷ አይሰጧትም ነበር ወይ?» ልትዪኝ ነው። አውቃለሁ። ያ መርፌ በዚያን ጊዜ በዚያ ቤት አልነበረም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንዳትላክ መንገዱ የአራት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሁኔታ አትደርስም።

በመጀመሪያ እናኑ መርፌው ሲነካት እጇን ትጎትት ነበር። ቆይታ መጎተቱን ተወች። ሰውየው ያን ጊዜ ላብ አጠመቀው። ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመዋል፤ እንዳይቀበሉት ማን ደፍሮ? ሁልጊዜ «ይጠራ» ሲሉ የኖሩ ናቸው፤ የሚጠራው ደግሞ እዚሁ ፊታቸው ቆሟል። «አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ» ይላል ደጋግሞ። ለማን እንደሚለው አይታወቅም።

ያቺ ፊቷ ቀልቶ የተመለሰችው ሐኪም ናት «ማሽኑ» ያለች። ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «አምጡልኝ» አለ። እንደዚያ ማለት ለእሱ ቀላል አልነበረም፤ እኔ ስለዚህ አንድ ቃል አከብረዋለሁ።

ሮጡ። ዳንቴሉን ገፈፉት፤ የላስቲኩ አበባ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማሽኑ ባትሪው ሞቷል፤ ማን ቻርጅ አድርጎት ያውቃል? ሶኬቱ ከግድግዳው ጋር አልገጥም አለ። ማከፋፈያ ፍለጋ እስከ መድኃኒት ቤት ተሯሯጡ። ጄሉ አፉ ላይ ደርቆ አልወጣ አለ፤ በመቀስ ቀደዱት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዓቱ ይሄዳል፣ የልጅቷ ትንፋሽ ይፈጥናል። በመጨረሻ በራ። ሰውየው ፕሮቡን ክንዷ ላይ አሳረፈ። ግራጫ ነገር መጣ፤ ግራጫና ጥቁር፣ ጭጋግ የመሰለ። ስክሪኑን ያያል፣ ክንዷን ያያል፣ መልሶ ስክሪኑን ያያል። ሐኪሟን «የቱ ነው?» አላት። እሷም አላወቀችም። ማን አለማምዷት?

ዳንቴሉን የሠራችው ነርስ ከኋላው ቆማ ነበር። ስክሪኑ ከትከሻው በላይ ይታያታል። ፕሮቡ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ተመለሰ፣ እንደገና ወደ ላይ ሄደ። እሷም እንደ ሌላው ጭጋጉን አየች።

እናትየው ከወንበሯ ተነሥታ መጣች። በእሱና በልጇ መሀል አንገቷን አስግጋ፣ በቀስታ፣ እንዳትረብሸው ተጠንቅቃ «ዶክተር፣ አገኙት?» አለችው።

አልመለሰላትም። እናኑ ያን ጊዜ አልፋ ነበር። እሱ ግን ፕሮቡን ከክንዷ አላነሣም፤ ሐኪሟ ናት ቀስ ብላ ከእጁ የወሰደችው።

እናትየው ስታለቅስ ውላ፣ ልጇን ተሸክማ ልትወጣ ስትል፣ ወደ እሱ መጣች። ትሰድበኛለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። እጁን ሳመችው። «እርስዎማ ደከሙልኝ፣ ምን ያድርጉ፣ የእኔ ዕድል ነው» አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ መርፌ አልያዘም። ለምነው፣ ተቆጥተው፣ ሽማግሌ ልከው አልመለስ አለ። ካርድ ክፍል እንዲመድቡት ጠየቀ፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ካርድ ሲያወጣና ሲመልስ ኖረ። እናቶች በመስኮቱ ልጆቻቸውን ብቅ አድርገው «ዶክተር፣ ያችኛዋ እኮ አደገችልዎት» ሲሉት ፈገግ ይላል። እጁን ግን ኪሱ ይከተዋል። እናኑም ሄደች፣ ያም እጅ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ክፍል ለመጡት ልጆች እጁም አልነበረ፣ ማሽኑን የሚያውቅ ዓይንም አልነበረ። ለቅሶው የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም።

ምን ታዪኛለሽ? ገብቶሻል መሰለኝ። አዎ፣ ዳንቴሉን የሠራሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ኃላፊዋ «ዳንቴሉ ወለል ላይ ወድቆ ቆሽሿል፣ እጠቢውና መልሺው» አለችኝ። አጠብኩት። መመለሱ ግን አቃተኝ። ቤቴ ወስጄ ክሩን ተረተርኩት፤ የሁለት ሳምንት ሥራ በአንድ ቁጭታ አለቀ። ከዚያ ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ኪሮሼን ትቼ ማሽኑ ፊት እቀመጥ ጀመር። ክንዴን ጄል እቀባለሁ፣ አያለሁ፣ ምንም አይገባኝም። ይስቁብኛል። «አስካለ ቲቪ እያየች ነው» ይላሉ። ያን አሠልጣኝ በስልክ ስንት ጊዜ አስቸገርኩት መሰለሽ!

ሦስት ወር ሊሞላኝ ሲል፣ አንድ ቀን፣ ከክርኔ ከፍ ብሎ አንዲት ጥቁር ክብ ታየችኝ። ተጫንኳት፤ ተኛች። ለቀቅኳት፤ ተነሣች። እሰይ ልል አፌን ከፍቼ እዚያው ክው ብዬ ቀረሁ። ይህችን አውቃታለሁ። አይቻታለሁ። ትንሽ ናት፣ የምስር ክክ የምታህል፣ በእናኑ ክንድ ላይ፣ ከሰውየው ትከሻ በላይ ስክሪኑ ላይ አይቻታለሁ። ሲጫን ትተኛ ነበር፤ ሲያላላ ትነሣ ነበር። ሁለት ጊዜ አልፎባታል። ሁለት ጊዜ! ሁላችንም ቆመን እያየናት ነበር፣ ትርሲት። ደም ሥሯ ጠፍቶ አይደለም የሞተችው። ያቺ ክብ ፊታችን ሆና እየታየችን፣ ማየት ስላልተማርን ነው።

ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ካርድ ክፍል ድረስ ሄጄ፣ በመስኮቱ አየሁትና ተመለስኩ። እስካሁን ማን እንደሚያውቅ ታውቂያለሽ? ከአንቺ በቀር ማንም።

እንግዲህ የጠየቅሽኝ ይህ ነው። ያ ሰው የአንቺ እጅ ነው፤ ጎበዝ ነው፣ የተመሰገነ ነው፣ እኔም አምነዋለሁ። ከእኔ እጅ ይሻላል፤ ይኸው አልኩልሽ፣ ደስ ይበልሽ። ማሽኑ ዓይንሽ ነው። ዳንቴሉስ? ዳንቴሉ ጠዋት ያልሽኝ ነገር ነው። «እየታየ ለምን?» ያልሽው። ያን ቃል በያንዳንዱ ቀላል ልጅ ላይ ስትዪው አንድ ስፌት ትጨምሪያለሽ፤ ሲያልቅ ያምራል፣ ሰውም ያመሰግንሻል፣ ዓይንሽ ግን ከሥሩ ተሸፍኖ ይቀራል። የጠዋቱ ድቡልቡል ልጅ አልትራሳውንድ አላስፈለገውም። አንቺን ነበር ያስፈለገሽ። እሱ ላይ ካላየሽ እናኑ ላይ አታዪም፤ እናኑ ደግሞ አንድ ቀን መምጣቷ አይቀርም።

እንባሽን ጥረጊ፣ በይ። ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ የደም ሥር ቱቦዋ የወጣባት ልጅ አለች። ደም ሥሯ ቀላል ነው፣ አይቼዋለሁ፤ በእጅሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ታገኚዋለሽ። ማሽኑን ይዘሽ ሂጂ። ሳትቸኩዪ ተጫኚው፣ ልቀቂው፣ ሲተኛና ሲነሣ እስኪሰለችሽ ድረስ እዪው። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት፣ ቀስ ብላ፣ እንዳትረብሽሽ ተጠንቅቃ ከጎንሽ ትቆምና «ሲስተር፣ አገኘሽው?» ትልሻለች። የዚያን ቀን ዝም እንዳትያት ነው ጠዋት የጮኽኩብሽ።